ስለ ጠላና ስለ ጀሪካን




ለፋሲካ በዓል ወላጅ እናቴ ከሊበን ገጠር የጠመቁልኝን ጠላ በጀሪካን ሞልቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ ወደ ፍኖተ ሰላም በመኪና አመጣሁ። በማግሥቱ ጀሪካኑ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር። ታናሽ እኅቴ ልትከፍተው ጎንበስ እንዳለች ክዳኑ ተስፈንጥሮ ቅንድቧን ፈነከታት። ዓይኗ የተረፈው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በጠላው ውስጥ ያለው እርሾ የብቅሉን ስኳር እየበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ያወጣል። ለቢራም አረፋ የሚሰጠው ይኸው አየር ነው። የጋን አፍ በጭቃ ቢመረግም ትርፉ አየር በስንጥቁ ሾልኮ ይወጣል፤ የቢራ ፋብሪካ በርሜልም ግፊቱን እንዲችል ከጠንካራ ብረት የተሠራ ነው። የፕላስቲክ ጀሪካን ግን መተንፈሻም ጥንካሬም የለውም።

ስለዚህ ከአገር ቤት ጠላ የምናስመጣ ሠራተኞች ሁሉ፣ ጀሪካኑን እስከ አፉ አንሙላ፤ ክዳኑን አላልተን በጥላ ሥር እናቁመው፤ ስንከፍትም ፊታችንን አርቀን ቀስ በቀስ እንፍታው። አረፋ ያለው ጠላ ደስ ያሰኛል፤ ዓይንን ግን አይተካም።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከፍኖተ ሰላም