በጠባብ ቤት ሰፊ ዕቃ ኪሣራ ነው

የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ተከራይ ወለሉን ዕቃ ከያዘበት፣ በየወሩ የሚከፍለው ለራሱ ሳይሆን ለዕቃው ማደሪያ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 1 ሜትር ከ20 ወርድና 1 ሜትር ከ90 ርዝመት ያለው አልጋ 2.28 ካሬ ሜትር ወለል ይወስዳል። አናጢው ከሥሩ 40 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቢተውለት ግን ከ0.9 ሜትር ኩብ በላይ ማስቀመጫ ይገኛል፤ ሻንጣውም ትርፍ ብርድ ልብሱም ይገባበታል። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ጣሪያው ሥር ቆጥ ሠርቶ ልጆቹን የሚያስተኛው ይኸው ስሌት ገብቶት ነው። ወለሉ ቢያልቅም ከፍታው አላለቀም።

ስለዚህ ሸማቹ መርካቶ ወርዶ በዋጋ ከመከራከሩ በፊት ግድግዳውንና የበሩን ወርድ ይለካ። በር አላስገባ ያለውን ቡፌ በገዛበት ዋጋ የሚረከበው የለም።