የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ስለ መምረጥ

በተለምዶ ኢ-ሪደር የሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ከደብተር በሚያንስ ሰሌዳ ውስጥ በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍትን የሚይዝ መሣሪያ ነው። የሶኒ ኩባንያ በጃፓን አገር በ2004 እ.ኤ.አ.፥ የአማዞን ኩባንያ ደግሞ ኪንድል የተባለውን በአሜሪካ በ2007 እ.ኤ.አ. ለሽያጭ ካቀረቡ ወዲህ የዕቃው ዐይነት እጅግ በዝቷል። ዐይነቱ በበዛ መጠንም ምርጫው ይከብዳል። ለገዢው የማይስማማውን ያስመጣ ነጋዴ ገንዘቡን በመደርደሪያ ላይ አስሮ ያስቀምጣል፤ የሸጠውም ቢሆን ተመልሶ ይመጣበታል። ስለዚህ ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፥ አንባቢው የሚያነበው ምን እንደ ሆነና ጽሑፉንም በምን ዐይነት ፋይል እንደ ያዘው ነው።

የእነዚህ መሣሪያዎች ስክሪን ከስልክ ስክሪን የተለየ ነው። በውስጡ እጅግ ደቃቅ እንክብሎች ሲኖሩ፥ በየእንክብሉም ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች ይገኛሉ። በኤሌክትሪክ ኀይል አንደኛው ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል፤ ፊደሉም በዚህ ይታያል። አንድ ጊዜ የታየው ገጽ ሌላ ገጽ እስኪገለጥ ድረስ ያለ ኀይል ስለሚቈይ፥ የባትሪው ሙሌት ለብዙ ቀናት፥ አንዳንድ ጊዜም ለሳምንታት ያገለግላል። በፀሐይ ብርሃንም እንደ ወረቀት ይነበባል። መብራት በሚቈራረጥበት ስፍራ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ወደ ፋይሉ ዐይነት ስንመለስ፥ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ኢፐብ ሲሆን፥ ጽሑፉ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን ያስተካክላል፤ አንባቢውም ፊደሉን እንደ ዐይኑ አቅም ሊያጐላው ይችላል። ኮቦና ፖኬትቡክ ኢፐብን በቀጥታ ይከፍታሉ። ኪንድል ግን የራሱ የፋይል ዐይነት ስላለው፥ ኢፐብ የሚቀበለው ፋይሉ በአማዞን አገልግሎት በኩል ተልኮ ከተለወጠ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ፒዲኤፍ ነው። በዚህ ዐይነት ፋይል ገጹ እንደ ታተመ ሆኖ ይቀራል እንጂ ከስክሪኑ ጋር አይስተካከልም። የኤ4 ወረቀት ስፋት 21 ሴንቲሜትር ሲሆን፥ የ6 ኢንች ስክሪን ስፋት ግን 9 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በ12 መጠን የተተየበ ፊደል ወደ 5 ገደማ ይወርዳል፤ ይህንም ለረጅም ጊዜ ማንበብ ዐይንን ያደክማል። ልብ ወለድ ለሚያነብ ሰው 6 ወይም 7 ኢንች ሲበቃው፥ ሕግ፥ የሒሳብ መግለጫና የትምህርት ጽሑፍ በፒዲኤፍ ለሚያነብ ግን ወደ 10 ኢንች የሚጠጋ መሣሪያ ያስፈልገዋል።

አማርኛ ለሚያነብ ገዢ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዐት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፥ የአማርኛ ጽሑፍ እርስ በርሳቸው በማይግባቡ የፊደል ፕሮግራሞች ይተየብ ነበር። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በፒዲኤፍ ሲታይ ደኅና ቢመስልም፥ ወደ ኢፐብ ሲለወጥ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅርቅ ሊሆን ይችላል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን መሣሪያው የግዕዝ ፎንት ከሌለው በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥኖችን ያሳያል። በኮቦና በዘመናዊ ኪንድል ላይ ፎንት መጨመር ስለሚቻል፥ ባለሱቁ ይህን አስቀድሞ ፈጽሞ ቢሸጥ ከብዙ ክርክር ይድናል።

ባለቀለም ስክሪንም ቢሆን ሁሉን አያስደስትም። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለቀለሙ ኮቦ ሊብራ ጥቁር ፊደልን በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲያሳይ፥ ቀለምን ግን በ150 ነጥብ ብቻ ያሳያል። ለሕፃናት ሥዕልና ለካርታ ይጠቅማል፤ ጽሑፍ ብቻ ለሚያነብ ግን ጭማሪ ዋጋ የሚያስከፍል አይደለም።

ከዚህም ሌላ፥ ከአንዱ ኩባንያ መደብር የተገዛ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ የተቈለፈ ስለ ሆነ በሌላው ኩባንያ መሣሪያ አይከፈትም። ገዢው ከዚህ ቀደም መጻሕፍት የገዛበት መደብር ካለ ምርጫው ያንኑ መከተል አለበት።

ስለዚህ አስመጪው ብዛት ያለው ዕቃ ከማዘዙ በፊት ከየዐይነቱ አንዳንድ ናሙና አስመጥቶ፥ አንድ የአማርኛ ኢፐብ፥ አንድ በኤ4 የተዘጋጀ ፒዲኤፍ፥ አንድም ከደንበኞቹ የተገኘ ፋይል ጭኖ ይመርምር። ባለሱቁም ሽያጩን ከመፈጸሙ በፊት የገዢውን የራሱን ፋይል በመሣሪያው ላይ ከፍቶ ያሳየው። ይህ የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ የነጋዴውንም ገንዘብ፥ የደንበኛውንም እምነት ይጠብቃል።