ስለ ማስተማሪያ ጤና ጣቢያና ስለ መንጌ ሕሙማን

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶችን ሥርዓት የሚያውቅ ሁሉ፥ ድጓ ሊያስመሰክር የፈለገ ተማሪ ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አባ፥ ቅኔ የፈለገ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጂ እንደሚሄድ ያውቃል። ትምህርቱ በሚገኝበት ሥፍራ ሄዶ መቀመጥ የተማሪው ግዴታ ነው እንጂ፥ ትምህርቱ ወደ እኔ ደጅ ይምጣ ያለ ተማሪ የለም። ስለ ጤና ጥበቃ ትምህርትም በዚሁ ዓይነት ማሰብ የሚገባ ይመስለናል። ወባን የሚያስተምረው ቆላው ነውና፤ ድኻን ማከምም የሚጠናው ድኻው በሚኖርበት አገር ነው።

ከአሶሳ ከተማ በስተሰሜን የምትገኘው መንጌ ወረዳ የበርታ ሕዝብ አገር ናት። ገበሬው ማሽላ ይዘራል፤ በየወንዙ ዳር አሸዋ እያጠበ ወርቅ የሚለቅመውም ብዙ ነው፤ ስለ ወርቁም ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው አይታጣም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎና ከሌላም ደጋ አገር ተነሥተው በአሶሳ ዙሪያ የሰፈሩት ቤተ ሰቦች ልጅና የልጅ ልጅ አፍርተዋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሱዳን ጦርነት ስለ ተነሣ በኩርሙክ በኩል ብዙ ስደተኛ ወደ ክልሉ ገብቷል። ስለዚህ በዚህ አገር ያለ ጤና ጣቢያ፥ በርታኛና ዐረብኛ የሚናገረውን፥ አማርኛ የሚናገረውን፥ ኦሮምኛ የሚናገረውንም በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጣል። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ቢኖር ገንዘብ የሌላቸው መሆኑ ነው።

በሽታው ግን ስሙ አንድ ቢሆንም በሁሉ ላይ አንድ አይደለም። በቆላ ተወልዶ ወባ እየያዘው እየለቀቀው ያደገ ሰው፥ ዕድሜው ሲገፋ ሰውነቱ በሽታውን በመጠኑ ይለምደዋል፤ በእርሱ አገር ወባ አብዝታ የምትገድለው ሕፃናትን ነው፤ ነፍሰ ጡሮችንም ደም ታሳጣለች። ከደጋ የመጣው ግን ጎልማሳም ቢሆን እንደ ሕፃን ነው፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ይወድቃል። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ የዘለቀው ወረርሽኝ ወደ ወይና ደጋው በወጣ ጊዜ ሦስት ሚሊዮን የሚያህል ሰው አሳምሞ 150,000 የሚያህል የገደለው ስለዚህ ነበር። ከዚህም ሌላ አንድ ስውር ነገር አለ። በደሙ ውስጥ የወባ ተሐዋስያን የተገኙበት የቆላ ጎልማሳ ሁሉ ትኩሳቱ ከወባ የመጣ ነው ማለት አይደለም፤ ተሐዋስያኑን ሳይታመም ተሸክሞ ሲኖር፥ ያሁኑ ትኩሳት ከሳንባ ምች ወይም ከተስቦ የመጣ ሊሆን ይችላል። ምርመራው ወባ አለ ብሏልና ሌላ አልመረምርም ያለ ወጣት ባለሙያ ሰውየውን በምቹ ያጣዋል። ይህን በመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ ልብ የሚለው ግን አሥር ጊዜ ያየው ነው።

ይህ አሳብ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በጣና ዳር በደንቢያ ሜዳ በወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺሕ ሰው ካለቀ በኋላ፥ መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፥ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተባብሮ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅና ማሠልጠኛ አቆመ። እዚያ ጤና መኮንኑ፥ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ ለየብቻ ብቻ ሳይሆን አብረውም ይሠለጥኑ ነበር። ወደ ቆላ ድባና ወደ ሌሎች ጤና ጣቢያዎች አብረው ተልከው፥ አንዱ በሽተኛ ሲያይ፥ አንዷ እናቶችን ስታዋልድ፥ አንዱ የምንጩንና የመፀዳጃውን ነገር ሲያበጅ፥ የአንድ ወረዳ ጤና በስንት እጅ እንደሚቆም ያዩ ነበር። የዓለም መንግሥታት በአልማ አታ ተሰብስበው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ጥበቃ ለሕዝብ ሁሉ ይዳረስ ብለው በመስከረም 1971 ዓ.ም. ሲያውጁ፥ የጎንደሩ ሥራ ከተጀመረ 24 ዓመት ሆኖት ነበር። ይህን ለመመካት አንጽፈውም፤ እኛው የጀመርነውን እኛው ብንረሳው እንደሚያሳፍር ለማሳሰብ ነው እንጂ።

በአሶሳ ከተማ ዛሬ ዩኒቨርሲቲና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አሉ። ትልቁ ሆስፒታልም ተማሪን እንዲያስተምር የታወቀ ነው። ነገር ግን ወደ ሆስፒታል የሚደርሰው ሕመምተኛ መንገዱን የቻለው ነው፤ ያልቻለው በመንጌና በመሰሎቿ ይቀራል። እንደ ደንቡ በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚደርስ ሕዝብ፥ በሥሩ ያሉት አምስት ጤና ኬላዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ ይሠራሉ። ተማሪው ሊያየው የሚገባው ሕመም በብዛት የሚታየው እዚህ ነው፤ ሳል፥ ተቅማጥ፥ ትኩሳት፥ የወላድ ደም መፍሰስ፥ ከዓመት ዓመት የሚያሳክክ ቆዳ።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ ነገር ጥቂት እንቆያለን፤ ብዙ ጊዜ እንደ ትንሽ ነገር ስለሚታለፍ ነው። አንዲት የበርታ እናት አማርኛ ከማያውቅ አንደበቷ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ብትመጣ፥ በትምህርት ቤት አማርኛ የተማረው ልጇ ያስተረጉምላታል። የመጣችው ስለ ማሕፀኗ ሕመም ቢሆን ለልጇ ምን ብላ ትንገረው? ጨጓራዬን ያመኛል ብላ የጨጓራ መድኃኒት ይዛ ትመለሳለች፤ በመዝገቡም ላይ የጨጓራ በሽተኛ ተብላ ትጻፋለች። መዝገቡ የተጻፈ ስለ ሆነ ባለ ሥልጣን ያምነዋል፤ በዚያም መሠረት ለሚቀጥለው ዓመት መድኃኒት ይታዘዛል። አንድ ያፈረ ቃል ከአልጋው እስከ በጀቱ የሚሄደው እንዲህ ነው። ጾምንም ያላወቀ ባለሙያ እንደዚሁ ይሳሳታል፤ በረመዳን የሚጾመውን ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ዋጥ ብሎ አዝዞት ቢሄድ፥ ሰውየው አንዱን ብቻ ይውጣል፥ ወይም ሦስቱን በማታ ይውጣቸዋል። በእኛም አገር በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆየውን ምእመን የሚያክም ሐኪም ይህንኑ ያውቀዋል።

የበርታ ቋንቋ በትምህርት ቤት መሰጠት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋልና፥ ለተማሪዎች ሁለት መቶ ቃል የሚሆን ትንሽ መማሪያ ማዘጋጀት ከባድ አይሆንም። ከዚያም በላይ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ያቆማቸው ሴቶች በየቀበሌው አሉ። የአገሩን ቋንቋ የሚያውቁ፥ ማን በቤቱ እንደ ወለደና ማን ክትባት እንዳቋረጠ የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በእነርሱ ሥር ተማሪ ሆኖ ቢቀመጥ ክብሩ አይቀንስም። በደቡብ አፍሪካ በፎሌላ ሲድኒ ካርክና ኤሚሊ ካርክ የተባሉ ሐኪሞች በአውሮጳ አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. በዙሉ ሕዝብ መካከል ጤና ጣቢያ ሲከፍቱ፥ ከዚያው አገር ሰዎችን መርጠው አሠልጥነው ቤት ለቤት አሠማርተው ነበር። ይህን ሊያይ በተማሪነቱ ዘመን የሄደ ጃክ ጋይገር የሚባል አሜሪካዊም ኋላ ከቱፍትስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በቦስተንና በሚሲሲፒ ለድኾች ጤና ጣቢያ አቁሟል። ባለጠጋው አገር ከድኻው አገር ጤና ጣቢያ ሄዶ ተማረ ማለት ነው።

ደግሞ ተማሪ በድኻ ገላ ላይ ይለማመዳል ብሎ የሚያዝን ሰው ቢኖር፥ ኀዘኑ ተገቢ ነው። ስለዚህ ያለ መምህር ተማሪ አይላክ፤ ተማሪው ያዘዘውን መድኃኒት መምህሩ ሳያይ አይሰጥ፤ ሕመምተኛውም የሚያየው ተማሪ መሆኑ ይነገረው፥ እንቢ ቢልም ወረፋውን አይጣ። ሌላም አለ፤ ለድኻ የሕክምናው ዋጋ የካርዱ ብቻ አይደለም። ወርቅ አጣቢው በጤና ጣቢያው ደጅ የዋለበት ቀን ደመወዝ የሌለው ቀን ነው። አምስት ተማሪዎች በየተራ አንዱኑ ጥያቄ ሲጠይቁት ፀሐይ ከጠለቀች፥ በሚቀጥለው ጊዜ ታሞ በቤቱ ይተኛል። ስለዚህ አንድ ሕመምተኛ በአንድ ተማሪ እጅ ይሁን፤ ያው ተማሪም በሳምንቱ ቤቱ ድረስ ሄዶ እንዴት እንደ ሆነ ይይ። ለዚህ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይበቃም፤ ተማሪው የሰውየውን ስምና ቤት የሚያውቅበት ጊዜ ሊሰጠው ያስፈልጋል።

የመላኪያው ወርም የሚታሰብበት ነው። ወባ የምትበረታው ዝናቡ ካባራ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። የተግባር ትምህርቱ በበጋ እኩሌታ ከተደረገ ተማሪዎቹ ጤና ጣቢያውን ጸጥ ብሎ አግኝተውት ይመለሳሉ። በጥቅምት ቢላኩ ግን ሊማሩትም ሊረዱበትም ይችላሉ። በዚያ ወር መንገዱ ገና ጭቃ ስለ ሆነ፥ የመኪናውና የማደሪያ ቤቱ ነገር ከነሐሴ ጀምሮ ቢታሰብበት መልካም ነው።