ሲኒው እስከ በሩ ይዙር

ውጭ አገር ያደጋችሁ ልጆች የቡና ሥርዓትን ያያችሁት ምናልባት በአዳራሽ ውስጥ ይሆናል። ሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት ከፊት ተቀምጣ ትቆላለች፣ እንግዶች ወንበር ደርድረው ይመለከታሉ። ዕጣኑም፣ ጀበናውም፣ ረከቦቱም አለ። የጎደለው ቅርጹ ነው። ቡና በሰልፍ አይጠጣም፤ ክብ ሠርተው ተቀምጠው እንጂ።

የቡና መገኛ ነው የሚባለው የማንኪራ ጫካ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ካፋ ውስጥ፣ ዴቻ ወረዳ ነው። በካፋዎች ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ቡና «ቡኖ» ይባላል። በካፋዋ ከተማ በቦንጋም ሆነ በሌላ ቦታ ክቡ የሚጀምረው ከቆላዋ ነው፤ ጭሱ የሚትጎለጎለውን ምጣድ ይዛ በየሰዉ ፊት ታዞራለች፣ እያንዳንዱም በእጁ ወደ ራሱ እየሳበ ያሸታል። ከዚያ ሲኒው ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡናው የተወቀጠው አንዴ ነው፤ በዚያው አተላ ላይ ውኃ እየተጨመረ ይፈላል። ቡናው እየቀጠነ ሲሄድ ጨዋታው ይወፍራል፤ ከበረካ በፊት መነሳት የሚያስቀይመውም ለዚህ ይመስለኛል። አብሮ የሚጠጣውን ጎረቤት «ቡና አጣጭ» እንለዋለን። የትዳር ጓደኛንም «ውኃ አጣጭ» የምንል ሰዎች ነን፤ ቃሉ ምን ያህል ቅርበት እንደተሸከመ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ይህ ክብ ሞላ ተብሎ አያውቅም። አርፍዶ የመጣ ሰው በሩ ላይ ሲቆም «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይባላል፤ ክቡም ይሰፋል።

ካፋ ግን ሌላም ክብ ነበራት። የጥንቱ የካፋ መንግሥት ድንበሩን «ሂሪዮ» በሚባል ጥልቅ ጉድጓድና በአጥር ከቦ ነበር የኖረው፤ መግቢያው በኬላዎች ብቻ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ የጦር አዝማች የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እ.ኤ.አ. በ1897 የመጨረሻውን ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾን እስኪማርክ ድረስ ያ ቀለበት አገሩን ጠብቆ አኑሯል። ኬላዎቹን ከሚጠብቁት መካከል ማንጆዎች ይገኙ ነበር።

ስለ ማንጆዎች ሳልነግራችሁ ባልፍ ስለ ክቡ ግማሹን ብቻ እንደነገርኳችሁ ይቆጠራል። በአደን፣ በማር፣ በማገዶና በከሰል ይተዳደሩ የነበሩ የጫካ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበውን የካፋ ምድር ከነጫካው እንደ እነሱ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ነገር ግን ከሌላው ካፋ ቤት መግባት፣ አብሮ ከማዕድ መቀመጥ፣ በአንድ ዕቃ መብላትና መጠጣት ተከልክለው ኖረዋል። ምግብ ቢሰጣቸው ውጭ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ ነበር። የአገሩን በር የጠበቀ ሰው የጎረቤቱን በር ማለፍ አልቻለም። ስለ ቡናችን እንግዳ ተቀባይነት በየመድረኩ ስንናገር ይህን መዝለላችን ያሳዝነኛል።

የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ማንጆዎችንም የመሬት ተጠቃሚ አደረገ። መሬቱ በአዋጅ ደረሳቸው፤ ሲኒው ግን በአዋጅ አይዞርም። ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ልጆቹን በአንድ አግዳሚ ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ። ያም ሆኖ የድሮው ርቀት ከሁሉም ቤት አልወጣም።

አንድ ቀን ቦንጋ ትሄዱ ይሆናል። ቡና ይፈላላችኋል፣ ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ ቆሎው ይቀርባል። እናንተ እንግዳ ስለሆናችሁ ወደ ውስጥ፣ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ያስቀምጧችኋል፤ አቦሉም ቀድሞ ይደርሳችኋል። ሲኒውን ተቀብላችሁ አመስግኑ። ቶናው ሲዞር ደግሞ ዓይናችሁን ወደ በሩ ላኩ፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው እንዳለና ከየትኛው ሲኒ እንደሚጠጣ እዩ።