በአንድ ተክል ላይ የተንጠለጠለ ሕይወት

እንግሊዛዊው የነፍሳት አጥኚ ድሩ ድሩሪ እ.ኤ.አ. በ1773 ዛሬ ክሪሲሪዲያ ሪፌየስ ስለምትባለው በራሪ ነፍሳት ሲጽፍ ከቢራቢሮዎች ጎራ መደባት። አይፈረድበትም። የማዳጋስካሯ በራሪ በጠራራ ፀሐይ ትወጣለች፤ ስታርፍም እንደ ቢራቢሮ ክንፎቿን ወደ ላይ ታጥፋለች። በዝምድና ግን የእሳት እራት ናት፤ ማታ ማታ አምፖል ከሚዞሩት ወገን።

በቪክቶሪያ ዘመን ክንፏ ለጌጣጌጥ ይውል ነበር። ከውበቷ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ አመጋገቧ ነው። አባጨጓሬዋ ኦምፋሊያ ከተባለው የተክል ወገን በቀር ሌላ አይቀምስም። ኦምፋሊያ የእነ ጉሎና የእነ ቁልቋል ዘመድ ሲሆን፣ ስኳር በሚመስሉ መርዛማ አልካሎይዶች ራሱን ይከላከላል።

እናቲቱ እንቁላሎቿን አብዛኛውን ጊዜ በቅጠሉ ሥር፣ በአንድ ቦታ እስከ 80 ገደማ አድርጋ ትጥላለች። ገና የተፈለፈሉት ትንንሾች የተክሉን ፈሳሽ ይሸሹታል፤ የቅጠሉን ጅማት እየተዉ በመካከል ያለውን ሥጋ ብቻ ይግጣሉ። ቆዳቸውን አንዴ ከቀየሩ በኋላ ግን አይመርጡም፤ ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ፣ ለጋ ግንድ ሳይቀር ይበላሉ። አባጨጓሬው ነጣ ያለ ቢጫ ገላ፣ ጥቁር ነጠብጣብና ቀይ እግር አለው፤ ጥቁር ፀጉሮቹ ጫፋቸው እንደ ዱላ ወፈር ያለ ነው። ከአፉ የሚተፋው ሐር በሚያዳልጥ ቅጠል ላይ ያቆመዋል፤ ከወደቀም በዚያው ክር ተንጠላጥሎ ይመለሳል። ከዚያ ሐሩን በገላው ዙሪያ ይፈትልና ፑፓ ይሆናል፤ ሦስት ሳምንት ባልሞላ ወይም ትንሽ ባለፈ ጊዜ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል።

መርዙ በልጅነት አይቀርም፤ ከአባጨጓሬው ወደ ጎልማሳዋ ይሻገራል። ደማቁ ቀለም እንግዲህ ለወፎች ማስጠንቀቂያ ሳይሆን አይቀርም። አረንጓዴው፣ ቀዩና ሰማያዊው ደግሞ የቀለም ንጥረ ነገር ውጤት አይደለም፤ ብርሃን በክንፏ ቅርፊቶች ስስ ንብርብሮች መካከል ሲነጥር የሚፈጠር ነው።

በማዳጋስካር አራት የኦምፋሊያ ዝርያዎች አሉ። ሦስቱ በምዕራቡ ደረቅ ደን የሚበቅሉ ሲሆን፣ አንዱ በምሥራቁ ዝናባማ ደን ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው። የእሳት እራቷም በሁለቱ መካከል ትመላለሳለች። በመካከለኛው አሜሪካ የምትኖረው ዘመዷ ዩራኒያ ፉልጀንስ ከዚህ የባሰች ስደተኛ ናት። ፓናማ ውስጥ ያጠናት ኒል ስሚዝ እንደሚለው፣ አባጨጓሬዎች ደጋግመው የበሉት ተክል መርዙን ያበረታል፤ ጎልማሶቹም ያልተነካ ተክል ፍለጋ በመንጋ ይነሳሉ።

የተሻለ ተክል የሚፈለግበት ቦታ የሌላት ደሴተኛ ግን ዕጣዋ ሌላ ሆነ። የጃማይካዋ ዩራኒያ ስሎአነስ እ.ኤ.አ. ከ1890ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ታየች የሚል የተረጋገጠ መረጃ የለም፤ ለመጥፋቷ በምክንያትነት ከሚጠቀሱት መካከል ደኑ ለእርሻ መመንጠሩና አባጨጓሬዋ የምትበላው ተክል መመናመኑ ይገኙበታል።