ሳይክል ነጂ ሆናችሁ ለአልትራ ማራቶን መመዝገብ አምሯችኋል? ልባችሁ ዝግጁ ነው፤ አጥንታችሁስ?



ከአዘና በውስጥ መስመር የደረሰን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ እኔና ጓደኞቼ ሳይክል እንነዳለን። ከአዘና እንጅባራ ደርሶ መልስ አይከብደንም። አሁን ለአልትራ ማራቶን ልንመዘገብ አስበናል። ትንፋሻችን ጥሩ ነው፤ ግን መሮጥ ከጀመርን በሦስተኛው ሳምንት ቅልጥማችንን ያመን ጀመር። እንተወው ወይስ እንግፋበት?»

አጭሩ መልስ፦ ሐሳቡን አትተዉት፤ ቅልጥማችሁ እያመመ ግን አትግፉበት። ምክንያቱን አንድ በአንድ እንየው።

🔵 አልትራ ማራቶን ምንድን ነው?

ከማራቶን ማለትም ከ42.195 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሩጫ ሁሉ አልትራ ይባላል። በዓለም ላይ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ የደቡብ አፍሪካው ኮምሬድስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 በ34 ሯጮች ተጀመረ። በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ ከተሞች መካከል ወደ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ልብ በሉ፦ ኮምሬድስ ላይ ለመሰለፍ አስቀድሞ ማራቶን በተወሰነ ሰዓት መጨረስ ግዴታ ነው። ይህ ሰውን ለማስቸገር የወጣ ደንብ አይደለም፤ ሕይወት ለመጠበቅ ነው። እናንተም ለራሳችሁ ይህንኑ ደንብ አውጡ።

🔵 ትንፋሽ እያለ እግር ለምን ያማል?

ሳይክል ልብን፣ ሳንባንና የጭን ጡንቻን በደንብ ያጠነክራል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ በዚያ አካባቢ ዳገት የሚገፋ ሳይክል ነጂ ለሩጫ የሚሆን ልብ አለው።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሳይክል ላይ ክብደታችሁን የሚሸከመው ኮርቻው ነው። ስትሮጡ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ እግራችሁ ላይ የሚያርፈው ጫና የሰውነታችሁን ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሆናል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ እግሩ ላይ ከ120 እስከ 180 ኪሎ ያህል ያርፍበታል ማለት ነው። ይህ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ብቻ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይደጋገማል። አጥንት ደግሞ የሚጠነክረው ጫና ሲያገኝ ነው። ለዓመታት ሳይክል ብቻ የነዱ ሰዎች የአጥንት ጥግግት፣ በተለይ የወገብ አጥንታቸው፣ ከሯጮች ዝቅ ብሎ የሚገኘውም ለዚህ ነው።

በአዊ ፈረስ የሚያውቅ ሰው ይህንን ለመረዳት አይቸገርም። ጥር 23 ለሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ፈረሱን የሚያዘጋጅ ሰው ጉልበቱን ብቻ አይቶ አያስጋልብም፤ ሰኮናውንም ያያል።

ሁለት ምሳሌ ልጨምር፦

▪️ አሜሪካዊው ሳይክል ነጂ ላንስ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ2006 የኒውዮርክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ጨረሰ። (በኋላ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት የቱር ደ ፍራንስ ድሎቹን መነጠቁን ታውቃላችሁ።) ያ ሁሉ ተራራ በሳይክል የወጣ ሰው ቅልጥሙን እያመመው ነበር የገባው፤ በአካል ከሠራው ሁሉ ከባዱ ይህ እንደነበርም ተናግሯል። ያውም ማራቶን ነው፤ አልትራ አይደለም።

▪️ ካናዳዊው ማይክል ውድስ ደግሞ በተቃራኒው ነው የሄደው። ጎበዝ ሯጭ ነበር፤ የእግሩ አጥንት በጫና ብዛት ደጋግሞ ሲሰነጠቅበት ወደ ሳይክል ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2023 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የአንድ ቀን ውድድር አሸነፈ። ልቡ ያው ልብ ነው፤ ሩጫውን ያልቻለው አጥንቱ ነበር።

🔵 በሦስተኛው ሳምንት ለምን?

አጥንት አዲስ ጫና ሲያገኝ እንደ ቤት እድሳት ነው የሚሠራው። መጀመሪያ አሮጌውን ያፈርሳል፣ ከዚያ አዲሱን ይገነባል። ማፍረሱ ፈጣን ነው፤ መገንባቱ ግን ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ሩጫ በጀመራችሁ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አጥንታችሁ ለጊዜው ይደክማል። ጡንቻና ትንፋሽ «ሂድ ሂድ» የሚሉትም በዚሁ ጊዜ ነው። ሳይክል ነጂዎች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው።

ሕመሙን እንዲህ ለዩት፦

✅ በቅልጥም ርዝመት የተበተነ ሕመም ሆኖ ሰውነት ሲሞቅ ቀለል የሚል ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የአጥንቱ ሽፋንና ጡንቻው የሚገናኙበት ቦታ ተቆጥቶ ነው። ሩጫውን ቀንሱ፣ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ያዙበት፣ ሳይክሉን ቀጥሉ።

❌ በአንድ ጣት ተጭናችሁ «እዚህ ጋ ነው» የምትሉት፣ በአንድ እግር ስትዘሉ የሚወጋ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ከሆነ የአጥንት መሰንጠቅ ሊሆን ይችላል። ሩጫ ወዲያው ይቁም፤ ሐኪም ይያችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ንጹሕ ሊመስል ስለሚችል «ራጁ ምንም የለውም» ተብሎ ወደ ሩጫ መመለስ አደገኛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት እረፍት ይፈልጋል።

🔵 ታዲያ እንዴት እንጀምር?

1️⃣ ከመጀመሪያዋ ሩጫ እስከ አልትራ ቢያንስ አንድ ዓመት ስጡ። በሁለትና በሦስት ወር የሚደረስበት አይደለም።

2️⃣ የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት፦ በሳምንት 3 ቀን ብቻ፣ በመሃል አንድ ቀን እያረፋችሁ። አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ አራት ደቂቃ እርምጃ፤ በጠቅላላው 30 ደቂቃ። በየሳምንቱ ሩጫውን ትንሽ ጨምሩ፣ እርምጃውን ቀንሱ። ትንፋሻችሁ ሥራ የፈታ ይመስላችኋል፤ እሱን በሳይክል አሠሩት።

3️⃣ ከአስፋልት ይልቅ ሣርና ለስላሳ አፈር ምረጡ። በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ እንዳለው ያለ የጫካ መንገድ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ክረምት ላይ ግን ጭቃው ስለሚያንሸራትት ተጠንቀቁ።

4️⃣ ቁልቁለትን ለብቻው ተለማመዱ። ሳይክል ላይ ቁልቁለት እረፍት ነው፤ ሩጫ ላይ ግን የጭን ጡንቻን በጣም የሚጎዳው እሱ ነው። በአጭሩና በዝግታ ጀምሩ።

5️⃣ በሳምንት ሁለት ቀን ደረጃ ወይም ድንጋይ ላይ ቆማችሁ ተረከዛችሁን ከፍና ዝቅ አድርጉ፤ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ባትንና የተረከዝ ጅማትን ያጠነክራል።

6️⃣ በየአራተኛው ሳምንት ልምምዱን ቀንሱ። አጥንት የሚገነባው እረፍት ላይ ነው።

🔵 ምግብና ውሃ

ሳይክል ላይ እየነዱ መብላት ቀላል ነው። ሩጫ ላይ ሆድ ስለሚናጥ ያቅለሸልሻል። ስለዚህ መብላትም ልምምድ ይፈልጋል። በረጅም ሩጫ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ ያስፈልጋችኋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ ይይዛል። በማር የተበጠበጠ በሶ፣ የተቀቀለ ድንች ከትንሽ ጨው ጋር፣ ዳቦ፤ ሁሉም ይሆናሉ። ውድድር ቀን አዲስ ነገር አትሞክሩ።

በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምሱ የምትቆዩ ከሆነ፣ ረጅሙን ሩጫ ከመብያ ሰዓት ጋር አስጠጉት፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሽሮ፣ ተልባና ሱፍ አዘውትሩ። ሴት ሯጮች ደግሞ የወር አበባችሁ ከተዛባ ወይም ከቀረ «ስፖርት ስለምሠራ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሰውነት የሚበቃውን ምግብ እያገኘ እንዳልሆነ ምልክት ነው፤ አጥንትንም ያሳሳል።

ውሃስ? ብዙ ሰው የሚፈራው ማነሱን ነው። መብዛቱም ይገድላል! ከመጠን በላይ ውሃ ሲጠጣ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል፣ አንጎል ያብጣል። በስፖርት ላይ ይህ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1981 በኮምሬድስ ሩጫ ላይ በነበረች ሴት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ከተመረመሩ 488 ሯጮች 13 በመቶ የሚሆኑት ሶዲየማቸው ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኝቷል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ሲጠማችሁ ጠጡ፤ ሳይጠማችሁ አትጋቱ። በሩጫው ክብደት ከጨመራችሁ ከልክ በላይ ጠጥታችኋል።

🔵 «ዲክሎፌናክ ውጬ ብሮጥስ?»

በፍጹም! ይህንን ደግሜ እላለሁ፦ በፍጹም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ረጅም ሩጫም ራሱ ይቀንሰዋል። በዚያ ላይ ከተጎዳ ጡንቻ የሚወጣው ፕሮቲን ኩላሊትን ይዘጋል። ሦስቱ ሲገናኙ ኩላሊት ሊቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት 80 ኪሎ ሜትር በሮጡ 89 ሰዎች ላይ፣ አይቡፕሮፌን ከወሰዱት 52 በመቶው፣ ካልወሰዱት ደግሞ 34 በመቶው የኩላሊት ጉዳት ምልክት ታይቶባቸዋል። ሕመም ማስታገሻ የሚያስፈልገው እግር ለመሮጥ ዝግጁ አይደለም።

🔵 ባዶ እግር ይሻላል ወይ?

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉ እውነት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ በ2:12:11 ገባ፤ ከሮሙ በሦስት ደቂቃ ፈጠነ። ከዚህ በላይ ለእኛ አካባቢ አንድ ነገር አለ። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ በአፈሩ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በቆዳ እንዲገቡ ያደርጋል፤ በተፈጥሮ ተጋላጭ በሆኑ ሰዎች ላይ እግርን የሚያሳብጠው ዝሆኔ የሚመጣው እንዲህ ነው። ስለዚህ ጫማና ካልሲ አድርጉ፤ ከሩጫ በኋላ እግራችሁን በሳሙና ታጠቡ።

🔵 ከመመዝገባችሁ በፊት

✅ የደም ግፊት፣ የደም ማነስና የኩላሊት ምርመራ አድርጉ።
✅ ሐኪም ልባችሁን በጆሮው ያዳምጥ። በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣ የልብ ቫልቭ ችግር በሀገራችን ብዙ ነው፤ ሳይታወቅም ዓመታት ይቆያል።
✅ ስፖርት ስትሠሩ ራሳችሁን ስታችሁ ከወደቃችሁ፣ ደረታችሁን ከወጋችሁ፣ ወይም ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ኢሲጂና የልብ አልትራሳውንድ ሳትነሱ አትሩጡ።
✅ ትኩሳት ካላችሁ (ወባም ሆነ ጉንፋን) እስኪለቃችሁ ሩጫ የለም።

🚨 በሩጫ ጊዜ ወይም በኋላ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም፦

▪️ ሽንት ኮካ ኮላ ከመሰለ ወይም ከቀረ
▪️ ግራ መጋባት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ
▪️ የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት

ግራ የተጋባን ሯጭ «ውሃ አጠጡት» ማለት ሊጎዳው ይችላል። አስቀምጡት፣ አትለዩት፣ ቶሎ አድርሱት።

የዘንድሮው ውድድር ቢያልፋችሁ የከርሞው አለ። ኩላሊትና ልብ ግን ተለዋጭ የላቸውም። አብራችሁ የምትሮጡ ከሆነ «አሞኛል» ያለውን ጓደኛ «ፈሪ» አትበሉት፤ አብራችሁ ቁሙ።

ጥያቄ ካላችሁ በኮሜንት ጻፉልን። ለሳይክልና ለሩጫ ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።