በጠያቂና በአገልጋይ ኮምፒዩተሮች መካከል የሚደረግ የርቀት ጥሪ

በሸገር ከተማ፣ ፉሪ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ዕቃ የገዛ ሰው ሒሳቡን በስልኩ ሲከፍል ኔትወርኩ በመካከሉ ቢቋረጥ፣ ገዢውም ሻጩም ግራ ይጋባሉ። ገንዘቡ ተላልፏል ወይስ አልተላለፈም? ገዢው እንደገና ቢከፍል ሁለት ጊዜ እንዳይቆረጥበት ይሠጋል፤ ሳይከፍል ቢሄድ ደግሞ ሻጩ ይጎዳል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ለሕዝብ ካቀረበ ወዲህ በስልክ መክፈል የዕለት ተዕለት ተግባር ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በበይነ መረብ በመሰጠቱም፣ ጉዳዩ የትምህርት ባለሙያዎችን በቀጥታ የሚመለከት ሆኗል። ስለዚህ የአሠራሩን መሠረት ለመምህራን ማስረዳት ተገቢ ነው።

እንደሚታወቀው አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ፕሮሲጀር የሚባሉ ንዑሳን ክፍሎች አሉት። ዋናው ፕሮግራም ፕሮሲጀሩን በስሙ ይጠራል፣ አስፈላጊውን መረጃ ይሰጠዋል፣ ውጤቱንም ይቀበላል። የሚጠራው ፕሮሲጀር በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን አሠራሩ የርቀት ፕሮሲጀር ጥሪ ይባላል። ብሩስ ኔልሰን ይህን ሐሳብ በ1981 እ.ኤ.አ. በዶክትሬት ጽሑፉ አብራርቶታል፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአንድሩ ቢሬል ጋር በዜሮክስ የምርምር ማዕከል የሠሩትን የተግባር ሥራ በጋራ አሳትመዋል።

የጥሪው ሂደት እንደሚከተለው ነው። በጠያቂው ኮምፒዩተር ላይ ያለ ወኪል ፕሮግራም የፕሮሲጀሩን ስምና መረጃውን በአንድ መልእክት ያሽጋል። የኮምፒዩተር ዓይነቶች ቁጥርን የሚያስቀምጡበት ቅደም ተከተል ሊለያይ ስለሚችል፣ አስተሻሸጉ ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው የተስማሙበት መሆን አለበት። ፕሮቶኮል የሚባለውም ይኸው ስምምነት ነው። መልእክቱ በኔትወርክ ተጉዞ ሲደርስ፣ በአገልጋዩ በኩል ያለው ወኪል ፈትቶ ፕሮሲጀሩን ያስፈጽማል፤ ውጤቱንም አሽጎ ይመልሳል። ጠያቂው ፕሮግራም ሥራው እዚያው አጠገቡ የተከናወነ ያህል ውጤቱን ይቀበላል።

ይሁን እንጂ ርቀቱ ፈጽሞ አይጠፋም። መልስ ሳይመጣ ቢቀር ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ይኸውም ጥያቄው በመንገድ ጠፍቶ፣ አገልጋዩ በሥራ መካከል ቆሞ፣ ወይም ሥራው ተፈጽሞ መልሱ ብቻ ጠፍቶ ነው። ከጠያቂው ወገን ሲታዩ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። በመጀመሪያው ምክንያት ጥሪውን መድገም ተገቢ ነው፤ በሦስተኛው ግን ክፍያው ሁለት ጊዜ እንዲፈጸም ሊያደርግ ይችላል።

ለዚህ ችግር የታወቀው መፍትሔ ለእያንዳንዱ ጥሪ የራሱን መለያ ቁጥር መስጠት ነው። ጠያቂው ሲደግም ያንኑ ቁጥር ይልካል። አገልጋዩም የፈጸማቸውን ጥሪዎች ቁጥርና ውጤት ስለሚመዘግብ፣ ቁጥሩን በመዝገቡ ካገኘው ሥራውን ሳይደግም የቀድሞውን ውጤት ይመልሳል። መብራት ቢጠፋ እንኳ መተማመኛ እንዲኖር፣ ክፍያውና ምዝገባው አንድ ላይ በዲስክ መጻፍ አለባቸው።

ከዚህም ሌላ የጥያቄው አቀራረብ ራሱ ጉዳቱን ሊከላከል ይችላል። ለምሳሌ ያህል፣ «ለ12ኛው ጥያቄ የተማሪው መልስ ሐ ነው» የሚል መልእክት ሦስት ጊዜ ቢደርስ ውጤቱ አይለወጥም። «ለተማሪው አንድ ነጥብ ጨምር» የሚለው ግን በደረሰ ቁጥር ነጥቡን ያበዛል።

ይህን ትምህርት ኮምፒዩተር በሌለበት ክፍልም ማስተማር ይቻላል። አንዱ ተማሪ ጠያቂ፣ ሌላው መልእክተኛ፣ ሦስተኛው የጠመኔ ሣጥን የያዘ ንብረት ክፍል ይሁን። ጠያቂው ሁለት ጠመኔ ከሒሳቡ እንዲቀነስ በጽሑፍ ይጠይቃል። መምህሩ መልእክተኛውን የመልሱን ወረቀት እንዲያስቀር በምስጢር ይንገረው። ጠያቂው ጥያቄውን ሲደግም ከሒሳቡ አራት ጠመኔ ይቀነሳል። በሁለተኛው ዙር ወረቀቶቹ ቁጥር ይሰጣቸውና ንብረት ክፍሉ መዝገብ ይያዝ፤ ልዩነቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ቆጥረው ይደርሱበታል።

ወደፊት የክፍያም ሆነ የፈተና ፕሮግራም የሚጽፉት እነዚሁ ተማሪዎች ናቸው። ስለሆነም መልሱ ቢጠፋና ጥያቄው ቢደገም ምን እንደሚሆን አስቀድመው የመጠየቅን ልማድ ከክፍላቸው ይዘው ቢወጡ፣ በፉሪ ሱቅ ለቆመው ገዢም ሆነ ለተፈታኙ ተማሪ ዋስትና ይሆናል።